ከጣሪያ ሥር ላለ ክፍል የኤሌክትሪክ ሻወር እንዴት እንደሚመረጥና ችግሩ እንዴት እንደሚፈታ

ከጣሪያ ሥር የነበረውን ባዶ ቦታ ወደ መኝታ ክፍል የለወጠ ሰው ለሻወር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኪሎዋቱ ነው። መጀመር የሚገባው ግን ከውሃው ነው። ይህ ዓይነቱ ሻወር ቀዝቃዛውን ውሃ በውስጡ ሲያልፍ የሚያሞቅ በመሆኑ፣ በቂ ግፊት ካላገኘ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን አያገለግልም፤ ውሃ ደግሞ አንድ ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር 0.1 ባር ያህል ግፊት ያጣል። ምድር ቤት 1.5 ባር የነበረው ውሃ 6 ሜትር ሲወጣ የሚቀረው 0.9 ባር ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለአዲሱ ክፍል ቅርብ የሆነውን ከፍተኛ ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ባለ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለኩ። በ75 ሰከንድ ከሞላ ፍሰቱ በደቂቃ 8 ሊትር ነው። ልኬቱን ሌሊት ሳይሆን ሁሉም ሰው ውሃ በሚጠቀምበት ሰዓት ያድርጉ፤ ግፊቱንም በመለኪያ አስለክተው ሁለቱንም በዕቃው መመሪያ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ጋር ያነጻጽሩ። ውሃው የሚመጣው እዚያው ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ታንከር ከሆነ፣ የታንከሩና የሻወሩ ከፍታ ስለሚቀራረብ ግፊት የለም ማለት ይቻላል፤ ያኔ ለታንከር ውሃ ተብሎ የተሠራ፣ ፓምፕ በውስጡ ያለው ዓይነት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ኪሎዋቱ ይመረጣል። አንድ ኪሎዋት በደቂቃ አንድ ሊትር የሚፈስን ውሃ 14 ዲግሪ ያህል ያሞቃል። በዚህ ስሌት 8.5 ኪሎዋት ያለው ሻወር 10 ዲግሪ የነበረውን ውሃ ወደ 40 ለማድረስ በደቂቃ 4 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ውሃው ሲገባ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን 6 ሊትር ይሆናል። ውሃው በጣም በሚቀዘቅዝበት አካባቢ 10.5 ኪሎዋት ቢመረጥ እመክራለሁ።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ አለበት። በ230 ቮልት 8.5 ኪሎዋት 37 አምፔር፣ 10.5 ኪሎዋት ደግሞ 46 አምፔር ገደማ ይስባል። ሻወሩ ከማከፋፈያው ሳጥን የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ አስተማማኝ የመሬት ሽቦ፣ እንዲሁም በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ መፍሰስ መስመሩን የሚያቋርጥ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ጣሪያ ሥር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ነው፦ በሙቀት መከላከያ ንጣፍ ተሸፍኖ የሚያልፍ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ሊሸከም የሚገባው አምፔር ይቀንሳል። ገመዱ የት የት እንደሚያልፍ ሳያይ ውፍረቱን የሚወስን ሠራተኛ አይቅጠሩ።

ሻወሩ ከተገጠመ በኋላ ውሃው እየወረደ ካልሞቀ፣ ብሬከሩንና የሻወሩን ማብሪያ አይተው ወደ ፍሰቱ ይመለሱ። ግፊቱ ሲያንስ በውስጡ ያለው የግፊት ማብሪያ ውሃውን የሚያሞቀውን ኤለመንት አያበራውም፤ ስለዚህ ዕቃው ተበላሽቷል ከማለት በፊት የመግቢያውን ወንፊት ማጽዳት ይቀድማል። ውሃው ሞቅ ቀዝቀዝ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ መውረጃው፣ ማለትም ውሃው የሚረጭበት የሻወሩ ራስ፣ በኖራ ተደፍኖ ፍሰቱ ቀንሶ፣ ከመጠን በላይ ሙቀትን የሚከላከለው ክፍል እየቆረጠ ሊሆን ይችላል። መውረጃውን ፈትተው በአቼቶ ዘፍዝፈው ይቦርሹት። ከሣጥኑ ሥር ውሃ ቢንጠባጠብ፣ መውረጃው ወይም ቱቦው በመደፈኑ የግፊት ማስተንፈሻው ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል መዘጋቱን ማስተካከልና ማስተንፈሻውን ማስቀየር ይገባል።

ብሬከሩ ወይም የመፍሰስ መከላከያው በተደጋጋሚ ከወደቀ ደጋግመው አያንሡት፤ ኤለመንቱ ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የማብሪያው ፕላስቲክ ከጠቆረ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለ፣ ሽቦው የታሰረበት ብሎን ላልቶ ሊሆን ስለሚችል መስመሩን ከማከፋፈያው ሳጥን ያጥፉና ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ማንም እንዳይጠቀምበት ያድርጉ።