መጀመሪያ ያደሩበት ቤት የማን ነበር? አንድ የባሕር ዳር ሰፈር አጥንቶ ለመጻፍ

ዘንድሮም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ሲያስረክቡኝ አብዛኛው ወረቀት የጀመረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከተሜነት ማለት ሕዝብ ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልስበት ሂደት ነው።» ስሕተት የለበትም። ነገር ግን «ሕዝብ» መናኸሪያ ሲወርድ ያየ ሰው የለም። የሚወርደው አንድ ሰው ነው፤ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዞ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያንን ሰው ፈልጋችሁ እንድታገኙት፣ ካገኛችሁትም በኋላ ሳታስቀይሙ እንድታዳምጡት ነው። የመግቢያ ሶሲዮሎጂ ትምህርት ከተማን፣ አካባቢን፣ ጦርነትንና ሽብርተኝነትን በየምዕራፉ ለያይቶ ያቀርባቸዋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ሁሉንም በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተው ታገኟቸዋላችሁ።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አባቴ ከደራ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ገባ፤ እናቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ከተማዋ እንዴት እንዳደገች ከመጽሐፍ በፊት የሰማሁት እናቴ ዘንድ ከሚቀመጡ ጠጪዎች ወሬ ነው። ቁጥሩን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ በ1987ቱ ቆጠራ 96 ሺህ ገደማ የነበረው የከተማዋ ነዋሪ በ1999ኙ ቆጠራ 155 ሺህ ገደማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ዛሬ የሚጠራው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። የእናንተ ትንሽ ጥናት ዋጋ የሚያገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ፤ ትንሽ ቦታ። «ባሕር ዳርን አጠናለሁ» ብሎ የተነሣ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። ክፍለ ከተማም ይበዛል። ሃያ በር የማይሞላ አንድ ቅያስ ይበቃችኋል። ስልካችሁ ላይ ካለው ካርታ አትገልብጡ፤ በእርሳስ፣ በእጃችሁ ሣሉት። የትኛው አጥር ቆርቆሮ ነው? የትኛው ግንብ? የጭቃ ቤት የቀረው የት ነው? «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት የተለጠፈው የትኛው በር ላይ ነው? ከሁሉም በላይ የመብራት ቆጣሪና በር ቁጠሩ። አንድ ጊዜ ዓባይ ማዶ አንድ ግቢ ገብቼ አንድ ቆጣሪና ሰባት በር አገኘሁ። እያንዳንዱ በር ላይ የተለያየ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ደጃፉ ላይ ሰባት ከሰል ማንደጃ በተርታ ተቀምጧል። «በዚህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ይኖራል?» ብዬ ብጠይቅ ባለቤቲቱ «እኛ ብቻ» ባሉኝ ነበር፤ ዋሽተው ሳይሆን ተከራይን እንደ ቤተሰብ ስለማይቆጥሩት። ማንደጃው ግን ሰባት ነው።

ስትሥሉ የከተማዋን ጠቅላላ ቅርጽ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሶሲዮሎጂስቱ ኧርነስት በርጀስ ቺካጎን ተመልክቶ ከተማ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ቀለበት እየሰፋ ያድጋል ብሎ ነበር። ባሕር ዳር ቀለበት ልሥራ ብትል ሰሜኗን ጣና ይዞባታል። በ1950ዎቹ የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን ሲነድፉላት፣ ዛሬ የምንኮራባቸውን ዘንባባ የተተከለባቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች ሲያሰምሩ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት አድርገው ነው። በዚያው ዘመን ፋብሪካው ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ሥራ ጀመረ። ከፕላኑ ውጭ ያለው እድገት ግን የመኪና መንገድን ተከትሎ ነው የሄደው፤ በጎንደር መውጫ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ዘንዘልማ፣ በሌላው በኩል በአዴት መውጫ። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በዚህ አካሄድ ላይ ምን እንደሚጨምር ማየት የሚችለው እዚያው ማዶ ሰፈር ላይ ዛሬ ማስታወሻ የያዘ ተማሪ ነው።

ፈቃድ ሳትይዙ አትሂዱ። የትምህርት ክፍሉን ደብዳቤ ለቀበሌው አስገቡ፤ ከዚያ የሰፈሩን የእድር ዳኛ ፈልጋችሁ በአካል ተዋወቁ። ደብዳቤው በር ያስከፍታል እንጂ አፍ አያስከፍትም፤ አፍ የሚያስከፍተው የእድሩ ዳኛ «ልጆቻችን ናቸው» ማለታቸው ነው። ድልድይ፣ ካምፕ፣ ኬላ፣ የጸጥታ ኃይል ፎቶ አታንሡ፤ በካርታችሁም ላይ አታስፍሩ። ቀኑ ደስ ካላለ፣ መንገድ ላይ ሰው ከሳሳ፣ ሥራውን ትታችሁ ተመለሱ። የቤት ሥራ ይደርሳል። ከመሸም ሰው ቤት አትቆዩ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር በቂ ነው፤ ገንዘብ ግን ለማንም አትስጡ። ቡና ከተፈላ ሦስተኛው ሳይጠጣ አትነሡ።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ለምን ወደ ከተማ መጡ?» አትበሉ። ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «ለኑሮ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ እውነት ነው፤ ምንም አያስረዳም። እንዲህ በሉ፤ «ባሕር ዳር የገቡ ዕለት መጀመሪያ ያደሩበት ቤት የማን ነበር?» ሰውዬው ለአፍታ ዝም ይላል። ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። የአጎቱን ስም ይጠራል፤ አጎቱ በማን በኩል እንደመጣ ይነግራችኋል፤ የተኛበት መደብ የት ጋ እንደነበር በእጁ ያመለክታል። ስደት ሰንሰለት ነው የሚባለው በዚህ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ገብቶ በር ይከፍታል፤ ቀጣዩ በዚያ በር ይገባል። መልሶቹን በካርታችሁ ጀርባ በቀስት አገናኙ፤ ከአሥር ቤት በኋላ ግማሹ ቅያስ ከአንድ ወረዳ፣ አንዳንዴም ከአንድ አጥቢያ የመጣ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚያድርበት ዘመድ አጥቶ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም መናኸሪያ ያደረም ይኖራል። ያንን ሰው በተለይ አዳምጡት።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ «እድርዎ የት ነው?» እ.ኤ.አ. በ1938 ሶሲዮሎጂስቱ ሉዊስ ዊርዝ ከተማ ሲተልቅ፣ ሲጠጋጋና የሰው ዓይነት ሲበዛ ግንኙነት ላይ ላዩን ይሆናል ብሎ ጻፈ። ባሕር ዳር ላይ ይህን መፈተኛው እድር ነው። ባለ ቤቶቹ የሰፈሩ እድር አባል ናቸው፤ ተከራዩስ? ዓባይ ማዶ ያገኘኋት፣ ከይልማና ዴንሳ የመጣች አንዲት እናት ስድስት ዓመት በዚያው ግቢ ኖራለች፤ እድሯ ግን እስካሁን ትውልድ መንደሯ ነው። ወንድሟ በየወሩ ይከፍልላታል፤ እሷ ለመስቀል ስትሄድ ታወራርዳለች። «እዚህ ብገባ ነገ ኪራይ ሲጨምሩብኝ ወዴት ይዤው እሄዳለሁ?» አለችኝ። ይህን መልስ የምንጊዜም ምርጥ የክፍል ትምህርቴ አድርጌዋለሁ። በአካል ከተሜ ናት፤ ሞቷን ግን የምታምነው ለገጠሩ ነው። የዚህ ምክንያት ደግሞ ዊርዝ የጠቀሰው የሰው ብዛት ሳይሆን የቤት ኪራይ ነው።

ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ጥያቄው ይለወጣል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ብዙ መሬት ይገለጣል፤ ገበሬው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ ያርሰዋል። ደንገሉ የሚበቅለው፣ ዓሣውም የሚራባው በዚያው ዳርቻ ነው። የውኃው ከፍታ ደግሞ የሰማይ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር አለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በዋሻ በኩል ውኃ ይወስዳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁን «የአየር ንብረት ለውጥ እንዴት ጎዳዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ውኃው በዘንድሮው ሚያዝያ እስከየት ሸሸ? ድሮስ?» በሉት፤ ከዚያ «የት እንደሚቆም የሚወስነው ማን ነው?» ብላችሁ አስከትሉ።

እምቦጭን ሳይጠይቅ የሚመለስ ተማሪ የለም፤ ትክክል ነው። ይህ የደቡብ አሜሪካ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የበረታው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚያፋፋው ከማሳ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ሰው በጅምላ ወጥቶ በእጁ ሲነቅል የታየውን ያህል በየዓመቱ የሚገባው ደለልም ቢታሰብበት ምኞቴ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሥነ ምኅዳር ሊቁ ጋሬት ሃርዲን የጋራ የሆነ ሀብት ሁሉ መጨረሻው መመናመን ነው ብሎ ተከራከረ። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት መጠበቅ እንደሚችሉ በብዙ አገር አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ ከመጨቃጨቅ በጀልባ ገዳማት ወዳሉበት የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ተሻገሩ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በገዳማቱ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ትውፊቱ ነገሩን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ደኑና ከሥሩ ያለው ቡና እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ደንብ ነው። ለዘጌ ሰው የምትጠይቁት «ደንቡን የጣሰ ምን ይደረጋል? ማን ይፈርዳል?» የሚለውን ነው።

በሐይቁ ዳር ነገደ ወይጦ የሚባለውን ማኅበረሰብ ታገኛላችሁ። ታንኳ ከደንገል እየሠሩ የኖሩ፣ ከሰው ማዕድ ተገልለው የኖሩም ናቸው። ዳርቻው ለመዝናኛና ለሆቴል ሲያዝ፣ ደንገሉም ሲሳሳ ሁለት ጊዜ ተገፍተዋል። ሌላው የሚጠራቸውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ፤ «ራሳችሁን ምን ብላችሁ ትጠራላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ፤ የነገሯችሁንም ጻፉ።

ስለ ጦርነት የምላችሁን በጥሞና ስሙኝ፤ በራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መጠይቅ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጥር 14 «በግጭቱ ምክንያት ከቤተሰብዎ የሞተ አለ? እንዴት?» ይል ነበር። አንዲት ተማሪዬ እንደተጻፈው አነበበችላቸው። ሴትዮዋ ተነሥተው ጀበናውን ከእሳት አወረዱ፤ ቡናውን ቀድተው ሰጧት፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ተማሪዋ እያለቀሰች ተመለሰች። ጥያቄው የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞት አንጠይቅም። የምንጠይቀው «ኪራይ መቼ ጨመረ?»፣ «ልጅዎ ስንት ዓመት ትምህርት አቋረጠች?»፣ «የትኛውን መንገድ መሄድ ተዉ?» የሚለውን ነው። ሰው ጦርነቱን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ቃል ያመጣዋል፤ ካላመጣው መብቱ ነው። በጥቅምት 2013 በሰሜን የተጀመረው ጦርነት፣ በኅዳር ባሕር ዳር ላይ የተተኮሰው ሮኬት፣ በሐምሌ 2015 ክልሉ ላይ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሁሉም በኪራይና በትምህርት ቤት ደብተር ውስጥ አልፏል። መጀመሪያ ያደሩበትን ቤት ስትጠይቁም «መጠለያ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ።

ለቃላቱ ተጠንቀቁ። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ የሚሰበስቡ ተመራማሪዎች «ጦርነት» የሚሉት በአንድ ዓመት ቢያንስ 1,000 ሰው በውጊያ የሞተበትን ነው። ይህ የመዝገብ መስፈሪያ ነው፤ ልጇ ያልተመለሰላት እናት አትሰፈርበትም። «ሽብርተኛ» የሚለው ቃል ደግሞ በዓለም ደረጃ አንድ የተስማሙበት ትርጉም የለውም። በአገራችን የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ በ2003 በሽብርተኝነት ተሰይመው በ2010 ተሰረዙ፤ ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ተሰይሞ በመጋቢት 2015 ተሰረዘ። ስለዚህ ቃሉን በራሳችሁ ድምፅ አትጻፉት። ማን አለ፣ ስለ ማን አለ፣ መቼ አለ፤ ሦስቱን አስቀምጡ። ያነጋገራችሁት ሰው ከተናገረው በትምህርተ ጥቅስ አስገቡት። እንዲህ ስታደርጉ የማንም ወገን አትሆኑም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ ግን ታያላችሁ።

ስትጽፉ ስም አትጻፉ፤ የቤት ቁጥርም እንዲሁ። «ሀ»፣ «ለ» እያላችሁ ሂዱ፤ የስም ዝርዝሩን ከናካቴው አትያዙ። ለእያንዳንዱ ነገር ቀን ስጡ። ከሦስት ገጽ አትለፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ እኔ ከማምጣታችሁ በፊት ወደ ሰፈሩ ውሰዱትና ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ይህን ደረጃ የሚዘል ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔ የምመልሰውም ወረቀት ያንኑ ያህል ነው።

ያቺ የይልማና ዴንሳዋ እናት ስለ መጀመሪያው ሌሊቷ «አክስቴ ቤት አደርኩ» ብላኝ ነበር። እኔም «የዝምድና ሰንሰለት» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ጻፍኩት። ስመለስ አነበብኩላት። ማጠቢያውን ሳፋ ትታ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች «ኧረ አክስቴ አይደለችም» አለች። «አክስቴ የምላት ስለማከብራት ነው። የእናቴ አበልጅ ናት። ታናሽ እኅቴን ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት።» ደብተሬን አውጥቼ ርዕሱን ሰረዝኩት፤ በዚያው ቅያስ ስምንት ቤት የተናገሩትን «አክስት»ና «አጎት» ሁሉ እንደገና ለመጠየቅ በነጋታው ተመለስኩ።