የሟች ጡረታ ለቤተሰብ አልወጣ ሲል

አባቴ ያረፈ ጊዜ የእናቴን ጡረታ ለማስጨረስ ከፒያሳ ልደታ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው «ይህ ይጎድላል፣ ነገ ተመለሱ» መባል አንጀት ያቃጥላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልባቸውን ልንገራችሁ።

«ስሙ አይመሳሰልም» ተባላችሁ

ከሁሉም የሚያደክመው ይህ ነው። አባቴ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ እናቴን የጻፋት ቤት ውስጥ በምትጠራበት ስም ነበር። መታወቂያዋ ላይ ያለው ሌላ ነው። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለመዝገቡ ግን ሁለት።

መጀመሪያ የፎርሙን ኮፒ ከሟች መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ከመታወቂያ፣ ከጋብቻና ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ስህተቱ የወረዳው ከሆነ እዚያው እንዲታረም አመልክቱ። ስሞቹ ጭራሽ የተለያዩ ከሆኑ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያዙ። የእናቴ ጉዳይ የተቃናው የእድር ጎረቤቶቿ መስክረውላት ነው። እናንተም ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ፎርማችሁን ዛሬ እዩት።

የወራሽነት ውሳኔ ይዛችሁ ትልልቆቹ ልጆች ተቀነሱ

ወራሽና ተተኪ አንድ አይደለም። ቤትና የባንክ ገንዘብ በውርስ ይከፋፈላል። ጡረታ ግን የተተኪ ነው፤ የትዳር ጓደኛ፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ በሟች ድጋፍ ይኖሩ የነበሩ ወላጆች። የ25 ዓመቱ ወንድማችሁ ቤቱን ቢወርስም ጡረታው ውስጥ አይገባም። አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለ ገደቡ ስለሚለይ ለብቻው ጠይቁ።

የትዳር ጓደኛ ከሟች ጡረታ 50 ከመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 ከመቶ ያገኛል። ጡረታው 6,000 ብር ቢሆን ለእናት 3,000፣ ለአንድ ልጅ 1,200 ማለት ነው። ድምሩ ከ100 ከመቶ ካለፈ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል።

በየወሩ ሳይሆን አንድ ጊዜ ብቻ ተከፈላችሁ

የሟች አገልግሎት 10 ዓመት አልሞላም ተብሏል ማለት ነው። ቀድሞ ሌላ ቦታ ጡረታ እየተቆረጠለት ከሠራ መደመሩን አጣሩ። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ከሞተ ግን 10 ዓመት መሙላት አይጠየቅም።

የጋብቻ ወረቀት የለም

በሽማግሌ ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተጋቡ አይስጉ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያውቃቸዋል። እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን የሚያውቁ 4 ምስክሮች ይዛችሁ ፍርድ ቤት አመልክቱ። የሞት ምዝገባውን ግን አታዘግዩ፤ ወረዳ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ቀጣሪው መዋጮ አላስገባም

ይህ በጣም ያናድዳል። ከሟች ደመወዝ 7 ከመቶ ተቆርጧል፤ ቀጣሪው 11 ከመቶ ጨምሮ ማስገባት ግዴታው ነበር። የደመወዝ ወረቀት፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ሰብስቡ። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር በጽሑፍ አመልክቱ። ቃል ብቻ ተናግራችሁ አትመለሱ። በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተም ሳታስመቱ ከቢሮው አትውጡ።