በጅማ ክረምት መጻሕፍቴን ከሻጋታ እንዴት አዳንኩ

አዲሱ ቤታችን እስኪያልቅ ጅማ ውስጥ ተከራይተን ነው ያለነው። መጻሕፍቱ በካርቶን ሆነው ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሻገቱ። የጅማ ክረምት ቀልድ አያውቅም፤ እርጥበቱ ከሲሚንቶው ወደ ካርቶኑ ይወጣል።

መፍትሔው አየር ነው። ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እንደሚሰጣው ሁሉ መጻሕፍቱን ጣውላ ላይ አነሳኋቸው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኳቸው። ሻጋታውን እርጥብ እያለ አትጥረጉት፤ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ መጽሐፉን ገለጥለጥ አድርጋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ከዚያ ደጅ አውጥታችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ፀሐይ ላይ ከቆየ ሽፋኑ ይጣመማል።

ጠረኑ ጠፍቷል፤ ማታ ማታ ማንበቤንም ቀጥያለሁ። የአዲሱ ቤት መስኮት ገና አልተገጠመም። አናጢውን ግን መደርደሪያውን ከግድግዳው ራቅ አድርጎ እንዲሠራው ከወዲሁ ነግሬዋለሁ።