የድሮ የለንደን ብር ዋንጫ ዕድሜው እንዴት ይነበባል?

ከአንድ የቅዳሜ ገበያ እጀታ ያለው የብር ዋንጫ ገዛሁ። ሻጩ «የ1778 ነው» ብሎ ዋንጫው ላይ የተመታውን የዓመት ፊደል አሳየኝ። ቤት ገብቼ ሳጣራ የ1818 ሆኖ ተገኘ። በ40 ዓመት ተሸወድኩ! እናንተም እንዳትሸወዱ አነባበቡን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነፅር ያዙ። ማግኔቱን ተዉት። ብርን አይስብም፣ መዳብንም አይስብም፤ ታዲያ ምን ሊነግራችሁ?

ብሩ ላይ የተመቱት ማኅተሞች ከዋንጫው ሥር ወይም ከእጀታው አጠገብ ይገኛሉ። ከቆሸሹ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቧቸው። በጥርስ ሳሙና ግን እንዳትፈትጉ፤ ማኅተሙ ይፋቃል።

የሚራመድ አንበሳ ካያችሁ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹሕ ነው። የነብር ራስ የለንደን ምልክት ነው። የአንጥረኛው ማኅተም የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙባት ሄስተር ቤትማን ባሏ ሲሞት ሥራውን ተረክባ በ1761 የራሷን ማኅተም አስመዘገበች፤ «ኤች» እና «ቢ» በእጅ ጽሕፈት ቅርጽ።

ጣጣው የዓመት ፊደሉ ላይ ነው። ለንደን በየዓመቱ አንድ ፊደል ትመታ ነበር፤ ከ«ኤ» እስከ «ዩ»፣ «ጄ»ን ዘልላ 20 ፊደል። ሲያልቅ ቅርጹን ቀይራ እንደገና ትጀምራለች። ክፋቱ በ1776 እና በ1816 የተጀመሩት ዙሮች ሁለቱም ትንንሽ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ትንሿ «ሲ» 1778ም ልትሆን ትችላለች፣ 1818ም። ፊደሉን ብቻ ያየ ሰው እንደኔ ይበላል።

መፍትሔው የንጉሡን ራስ መፈለግ ነው። የግብር ማኅተም ነው፤ የተጀመረው በ1784 መጨረሻ ነው። እሱ ካለ ዋንጫው የ1778 ሊሆን አይችልም። የኔው ላይ ንጉሡ ቁጭ ብሏል። ሻጩ ፊደሉን ሲያሳየኝ አውራ ጣቱን የት አሳርፎ እንደነበር አሁን ገባኝ። ነብሩ ዘውድ ካልደፋ ደግሞ ከ1821 ወዲህ ነው በሉ። የዓመት ምልክት ብቻውን ያታልላል፤ ማርትሬዛ ብርም ላይ 1780 ተጽፎ ስንት ዘመን ሲመታ ኖሯል!

የእጅ ሥራ መሆኑን ለማየት ገልብጡት። ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ትንሽ ነጥብ ይኖራል። አንጥረኛው ከአንድ ጠፍጣፋ ብር በመዶሻ ዋንጫ ሲያወጣ ክቡን የሚለካው ከዚያች ነጥብ ነበር። ብሩ ሲደርቅበት በእሳት ያለሰልሰዋል፣ እንደገና ይቀጠቅጣል።

በመጨረሻ አፋችሁን ከፍታችሁ ተንፍሱበት። ጉም ሲለብስ የተጠገነ ቦታ ይለያል። የኔው ላይ እጀታው ሥር የብየዳ መስመር ብቅ አለ። እሱንም ሻጩ አልነገረኝም።