ስለ ዊካኖችና ስለ ጥንት ሰዎች አጽም ሲነገር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብሪታንያ ሙዚየሞች የተቀመጠ የጥንት ሰው አጽም ተመልሶ ይቀበር ወይስ ለጥናት ይቆይ የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ሆኖታል። በአጭሩ ሲወራ ግን «ጠንቋዮችና ሳይንቲስቶች ተጣሉ» ወደሚል ተረት ይወርዳል፤ ጠንቋዮች የሚባሉትም ዊካኖች፣ ማለትም ጥንቆላን ከተፈጥሮ አምልኮ ጋር ያጣመረው ዊካ የተባለ ዘመናዊ እምነት ተከታዮች ናቸው። ይህ ተረት ያሳዝነኛል፤ ክርክሩ ስለ ሙታን ክብር ነው፣ ሙታኑም ለራሳቸው መናገር አይችሉም። ስለዚህ ደጋግመው የሚታዩትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዊካን ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ሃይማኖት ማድረግ

ዊካ በአደባባይ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። እንግሊዝ የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ በ1951 ከሻረች በኋላ፣ በማላያ የጉምሩክ ሹም ሆኖ ያገለገለው ጄራልድ ጋርድነር እምነቱን በይፋ ማስተዋወቅ ጀመረ። ስለዚህ አንድ ዊካን ከ5,000 ዓመት በፊት ስለተቀበረ ሰው «የእኔ እምነት ተከታይ ነበር» ቢል ማስረጃ የለውም። ብዙ ዊካኖችም ይህን አይክዱም።

ጋርድነር ራሱ በ1964 በመርከብ ጉዞ ላይ ሞቶ ቱኒዚያ ውስጥ ተቀበረ። ከዓመታት በኋላ የመቃብር ቦታው ለሌላ ግንባታ ሊውል መሆኑ ሲሰማ፣ ከቄሶቹ አንዷ የነበረችው ኤሊኖር ቦን ገንዘብ አሰባስባ አስከሬኑን ቱኒስ ወደሚገኝ ሌላ መቃብር አዛወረችው። የእምነቱ መሥራች አስከሬን ራሱ ተቆፍሮ ወጥቶ ዳግም ተቀብሯል ማለት ነው። አጽም ማንቀሳቀስ ሁሉ መድፈር እንዳልሆነ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ አጽም የምናከብር ሰዎች ነን።

ድሩይዶችን ከዊካኖች ጋር ማምታታት

ድሩይዶች የጥንት ኬልቶችን ካህናት ፈለግ እንከተላለን የሚሉ የዘመናችን አማኞች ናቸው። እነርሱን ከዊካኖች ጋር ማምታታት ከሁሉም ይበዛል፤ ምንጩም የኤቭበሪ ጉዳይ ይመስለኛል። በ1929 አሌክሳንደር ኬይለር በእንግሊዝ ዊልትሻየር፣ ዊንድሚል ሂል በሚባለው ቦታ ሲቆፍር የአንድ ሕፃን አጽም አገኘ። ከ5,000 ዓመት በላይ የቆየ ነው። በአቅራቢያው ባለው የኤቭበሪ ሙዚየም ለሕዝብ ሲታይ «ቻርሊ» የሚል የቁልምጫ ስም ወጣለት። በ2006 ይህ ሕፃንና ሌሎች አጽሞች ተመልሰው ይቀበሩ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ጥያቄው የመጣው በብሪታንያ ድሩይዶች ምክር ቤት ስም እንጂ ከዊካኖች አልነበረም። ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብም እንዲሁ ነው። በ2008 ከአንድ ጉድጓድ የወጣው የተቃጠለ አጽም በቶሎ ይመለስ ብሎ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሄደውና በ2011 ያልተሳካለት ሰው ራሱን አርተር ፔንድራገን ብሎ የሚጠራ ድሩይድ ነው። ሁለቱም እምነቶች ፔጋን በሚባለው፣ ከክርስትና በፊት የነበሩ እምነቶችን መነሻ ባደረጉ እምነቶች ሰፊ ጥላ ሥር ይጠቃለላሉ፤ ሥርዓታቸውና አመጣጣቸው ግን ይለያያል።

የኤቭበሪው ጥያቄ እንዴት እንደተፈታ ማወቅ ይጠቅማል። ኢንግሊሽ ሄሪቴጅና ናሽናል ትረስት የተባሉት የቅርስ ጥበቃ ተቋማት ጥያቄውን ወዲያው አልጣሉትም፤ የሕዝብ አስተያየት ሰብስበው በ2010 አጽሙ በሙዚየሙ እንዲቆይ ወሰኑ። ጠያቂዎቹ ከሌላው የብሪታንያ ሕዝብ የተለየ የዘርም ሆነ የባህል ቅርበት ማሳየት አልቻሉም፤ ከአጽሙ የሚገኘው እውቀት ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ያም ሆኖ ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ አንድ ሕፃን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለምን እንደሚታይ አስተዳዳሪዎቹ በጽሑፍ እንዲያስረዱ አስገድዷል።

«ዊካኖች ቁፋሮ ይቃወማሉ» ብሎ መደምደም

ዊካ ሁሉን የሚያዝዝ ሊቀ ጳጳስም ሲኖዶስም የለውም። ኮቨን የሚባሉት ትንንሽ ማኅበራት በራሳቸው ይተዳደራሉ፤ ብቻውን የሚያመልክም ሞልቷል። ብዙዎቹ ነፍስ ዳግም ትወለዳለች ብለው ያምናሉ፤ ለእነርሱ አጽሙ የሟቹ ማደሪያ አይደለም። ሌሎች ደግሞ ሟቹ ከተቀበረበት አፈር ጋር ያለው ትስስር መቆረጥ የለበትም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር ማብቂያ በሚውለው የሳዊን በዓል ሙታንን ያስባሉ።

«ፔጋኖች ለአርኪዮሎጂ» የሚባለውን ስብስብ የመሠረተችው ዮቮን አበሮው ዊካን ነች፤ ስብስቡም የጥንት አጽም ተመልሶ መቀበሩን ይቃወማል። መከራከሪያቸው ልብ የሚነካ ነው፦ ስሙ የጠፋ ሰው ምን እንደበላ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደታመመ ሲታወቅ መታሰቢያው ይመለሳል፤ ሳይጠና ከተቀበረ ግን ዳግም ይረሳል። በሌላ በኩል ኤማ ሬስታል ኦር በ2004 የመሠረተችው «የጥንት ሙታንን ማክበር» የተባለው ቡድን አለ። እሱም ቢሆን ሁሉም አጽም በጅምላ ይቀበር አይልም፤ ዋናው ጥያቄው አክብሮትና ምክክር ነው። እኔ ወደ አበሮው ሐሳብ አደላለሁ፤ ሙዚየሞች አጽሙን በካርቶን ውስጥ ረስተው ካስቀመጡት ግን ያ መከራከሪያ ባዶ እንደሚሆን አልክድም።

ዘርን ማስረጃ ማድረግ

«አያቶቻችን ናቸው» የሚለው ቃል ስሜት አለው፤ የዘረመል ጥናት ግን አይደግፈውም። በ2018 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ከአውሮፓ የገቡ ሰዎች በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የብሪታንያን የዘር ሐረግ 90 በመቶ ያህል እንደተኩት አሳይቷል።

የባለቤቶችን ጥያቄ ከዚህ ጋር ማመሳሰል

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለአያቶቻቸው አጽም የሚያቀርቡት ጥያቄ ከ1990 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የታወቀ ነው። በ1996 ዋሽንግተን ግዛት የተገኘውን፣ የኬነዊክ ሰው የሚባለውን ጥንታዊ አጽም አንድ የኖርዲክ አማልክት አምላኪዎች ቡድንም «የእኛ ነው» ብሎ ነበር። በ2015 የዘረመል ምርመራው ከነባር ሕዝቦች ጋር አገናኘው፤ በ2017 እነርሱው ቀበሩት።

የልዑል ዓለማየሁም ነገር እንዲሁ ሌላ ነው። በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር የተቀበረው ልዑል ስሙ፣ አባቱ፣ አገሩ ይታወቃል፤ ዘመዶቹ እየጠየቁ ነው። በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አስከሬኑን ማውጣት በአካባቢው ያሉ ሌሎች መቃብሮችን ይረብሻል ብሎ አልፈቀደም። ይህን ጥያቄ ከቻርሊ ጉዳይ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ በደል ነው።

ሁሉንም አጽም በአንድ ዓይን ማየት

ቦስካስል በሚገኘው የጥንቆላ ሙዚየም ጆአን ዋይት የምትባል ሴት ናት የተባለ አጽም ለዓመታት ለጎብኚ ይታይ ነበር። ሙዚየሙን በ1996 የተረከቡት ግራሃም ኪንግ ይህ ለሰው እንደማይገባ ወስነው በ1998 በአቅራቢያው ቀበሩት። ከዚህ አጽም ማንም የሚማረው ነገር አልነበረም፤ መታየቱ ለመዝናኛ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ መቅበሩ ያለምንም ጥርጥር ተገቢ ነበር።

ሴንት ኦሲዝ በምትባለው የኤሴክስ መንደር የተገኘው አጽም ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። አጽሙ በ1582 በጥንቆላ ተከስሳ የተሰቀለችው የኡርሱላ ኬምፕ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታይ ኖረ። በኋላ ባለሙያ ሲመረምረው የወጣት ወንድ ሆኖ ተገኘ። በ2011 በዚያው መንደር ተቀበረ። ያለ ምርመራ ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ መቃብሩ ላይ የሚጻፈው የሌላ ሰው ስም ይሆን ነበር።