ለጥናትዎ ግራፍ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ጥናት የሠራ ሰው ዳታ በምን ድካም እንደሚሰበሰብ ያውቃል። ለገምቦ ወይም ዋድላ ድረስ ወጥቶ፣ መኪና የማይገባበትን ቀበሌ በእግር ተጉዞ፣ ቤት ለቤት እየጠየቀ ነው የሚሞላው። ያ ሁሉ ልፋት በመጨረሻ ለአማካሪውና ለጆርናሉ የሚታየው በአራት አምስት ግራፍ ነው። እኔ ሥራዬ ተመራማሪዎችን በግራፍና በካርታ ማገዝ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በጎበዝ ተማሪዎችም በልምድ በበሰሉ መምህራንም ሥራ ላይ የሚደጋገሙ ናቸው። ጥሩ ጥናት በእነዚህ ምክንያት ወድቆ ሲመለስ ማየት ያሳዝነኛል።

ግራፉን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት

አብዛኛው ሰው ግራፍ የሚያሠራው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ዲፌንስ ሲቃረብ ነው። ግራፍ ግን ዳታ መመርመሪያ ጭምር ነው። ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. አራት ትንንሽ የዳታ ስብስቦች አሳትሞ ነበር። አማካያቸውም፣ ቫሪያንሳቸውም (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚራራቁበት መጠን)፣ የሁለቱ ተለዋዋጮች ዝምድናም በተግባር አንድ ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሠንጠረዥ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያገኘውም። የመጀመሪያው ሃምሳ መጠይቅ እንደገባ ቀለል ያለ ግራፍ ያሠሩ። በኪሎ መሞላት የነበረበት ክብደት በግራም ከተሞላ ያኔውኑ ይታያል፤ ዳታ ሰብሳቢውም ገና ቀበሌው ላይ ስለሆነ ደውሎ ማስተካከል ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ስክሪንሾት ብቻ ይዞ መምጣት

ከምስል ላይ ቁጥር መልቀም ለስህተት ይዳርጋል። ጥሬውን ዳታና የኮዶቹን ትርጉም (ለምሳሌ 1 ወንድ፣ 2 ሴት) ይዘው ይምጡ። ከዚያ በፊት ግን የታካሚን ስም፣ የካርድ ቁጥርና ስልክ ከፋይሉ ያጥፉ። ለግራፍ ሠሪ ስም አያስፈልገውም። የሰው ሚስጥር ያለበትን ፋይል በቴሌግራም መላክ ደግሞ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ያገኙትን ፈቃድ መጣስ ነው።

የሁለት አቆጣጠር ዳታን በዓመት ቁጥር ብቻ ማጋጠም

ይህ በእኛ አካባቢ ጥናት ላይ ከሁሉም የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። የሜትሮሎጂ የዝናብ ዳታ በፈረንጆች አቆጣጠር ይመጣል፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምርት መዝገብ በእኛ ነው። አጥኚው አንዱን ወደ ሌላው ይቀይርና ሁለቱን ጎን ለጎን ይስላል።

2007 ዓ.ም.ን ይውሰዱ፤ በልጉ ጠፍቶ ክረምቱንም ኤል ኒኞ ያበላሸበት ዓመት ነው። ዝናቡ የቀረው ከየካቲት እስከ ነሐሴ 2007 ባለው ጊዜ ነው። የመኸሩ ሰብል የሚታጨደው ግን አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ ምርቱ በ2008 ይመዘገባል። ዝናብንና ምርትን በዓመተ ምሕረት ቁጥር ብቻ ካጋጠሙ የድርቁ ምርት ከ2008 ዝናብ ጋር ይቀመጣል። የ2008 ዝናብ በተሻለበት ወረዳ ግራፉ «ዝናብ ሲጨምር ምርት ወደቀ» ይላል፤ አጥኚውም ለዚህ የሌለ ነገር ምክንያት ፍለጋ ሁለት ገጽ ይጽፋል። የበልግ ሰብል ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ላይ ስለሚሰበሰብ ከራሱ ዝናብ ጋር በአንድ ዓመት ይውላል። ስለዚህ ምርቱን ሁሉ በአንድ ዓመት ወደኋላ መግፋት ብቻ አያስተካክለውም። እያንዳንዱን ምርት ካበቀለው ዝናብ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል።

ወሩም ላይ ችግር አለ። የካቲት 1 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ስለሚውል፣ በፈረንጆች ወር ተደምሮ የመጣን ዝናብ ወደ እኛ ወር መቀየር አይቻልም። ከመጀመሪያው ዕለታዊውን ዳታ ይጠይቁ። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀሙም ከግራፉ ሥር ይጻፉ።

በልግንና ክረምትን ደምሮ መሳል

የዓመት ድምር ለሌላ አገር ይበቃ ይሆናል። በወሎ ደጋ ግን በበልግ የሚኖር ገበሬ አለ። በልጉ ጠፍቶ ክረምቱ ከበረታ ድምሩ «ደህና ዓመት» ይላል፤ ያ ቤተሰብ ግን ምንም አላጨደም። ሁለቱን ወቅቶች ለየብቻ ይሳሉ።

የሌለ ዳታን ዜሮ ማድረግ

በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ከቆቦ እስከ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሪፖርት ተቋረጠ። አሁን የጤና ጥናት የሚሠራ ሰው እነዚያን ወራት ባዶ ያገኛቸዋል። ባዶውን ዜሮ ካደረገው ግራፉ በጦርነቱ ወራት የታመመ ልጅ፣ የወለደች እናት አልነበረም ይላል። ከባዶው ማዶና ማዶ ያሉትን ነጥቦች በመስመር ካያያዘ ደግሞ ያልታየን ነገር እንደታየ ያቀርባል። ኤክሴል ባዶ ሴልን በክፍተት፣ በዜሮ ወይም በተያያዘ መስመር የመሳል ምርጫ አለው፤ ክፍተቱን ይምረጡ። እነዚያን ወራት በግራጫ ጥላ ለይተው «ሪፖርት አልነበረም» ብለው ይጻፉበት። ያ ክፍተት ራሱ የዚህ ሕዝብ ታሪክ ስለሆነ ሊሸፈን አይገባም።

የሕሙማን ብዛትን በቀጥታ ካርታ ላይ ማቅለም

የሕሙማንን ቁጥር በወረዳ ካቀለሙ ደሴ ከተማ ሁልጊዜ ትጠቁራለች፤ ሰው ስለሚበዛባት ብቻ። ለ10,000 ሰው ስንት እንደሆነ አስልተው ያቅልሙ። ሌላም አለ፦ ወረኢሉ ወይም ደሴ ዙሪያ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየፋይሉ ይለያያል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አጻጻፎች ሳያገናኛቸው ይቀርና ወረዳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። በቅርብ ዓመታት ተከፍለው የተቋቋሙ ወረዳዎችም በቆየ የካርታ ፋይል ላይ የሉም። አንባቢው ነጩን «በሽታ የለም» ብሎ ያነበዋል። ከመሳልዎ በፊት የወረዳዎቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ያመሳክሩ።

አማካይን በቋሚ ባር አሳይቶ ማለፍ

የሕፃናት የክንድ ዙሪያ ልኬት አማካይ 13.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግራፉ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሐኪሙ ግን የሚፈልገው ከ11.5 በታች የሆኑትን፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱትን ነው። እያንዳንዱን ልጅ በነጥብ አስቀምጠው 11.5 እና መካከለኛው እጥረት በሚጀምርበት 12.5 ላይ መስመር ያስምሩ፤ ያን ጊዜ እርዳታ የሚሹት ተለይተው ይታያሉ። ባሩ ላይ የሚቆመው የስህተት መስመር ምን እንደሆነም ይግለጹ። በ25 ሰው ናሙና ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ አስተማማኝነት መለኪያ) የስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የሰዎቹ ልኬት መራራቅ መለኪያ) አንድ አምስተኛ ነው፤ ሳይገልጹ አጭሩን ማስቀመጥ አንባቢን ያሳስታል።

«ልዩነቱ ጎልቶ ይታይልኝ» ማለት

ይህን ጥያቄ አልቀበልም፤ ማንም ባለሙያ ሊቀበለው አይገባም። የባር ግራፍ ከዜሮ ካልጀመረ 62 ከመቶ ከ58 ከመቶ እጥፍ ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽ መሆኑ ነው ግኝቱ።

ስለ አጨራረስ

በአር ወይም በፓይተን (ግራፍ የሚሠራባቸው የኮምፒውተር ቋንቋዎች) የግዕዝ ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ ስለማያውቀው ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ይጫኑ። ቀይና አረንጓዴን አብረው አይጠቀሙ፤ ሁለቱን መለየት የማይችሉ አንባቢዎች አሉ። ግራፉን በፒዲኤፍ ወይም በኤስቪጂ ያስቀምጡ፤ ጆርናሉ ምስል ከጠየቀ ቢያንስ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን።

ሥራው አልቆ ሲረከቡ ምስሉን ብቻ አይውሰዱ። ግራፉ የተሠራበትን ኮድ ወይም የኤክሴል ፋይልና የጸዳውን ዳታ አብረው ይጠይቁ። ጆርናሉ ከወራት በኋላ «ይህን በጾታ ለይታችሁ ሳሉልን» ብሎ ሲመልስልዎ እኔን ወይም ሌላ ባለሙያ መፈለግ ሳያስፈልግዎ ራስዎ ማስተካከል ይችላሉ።