ድራይቨሩን ጭኛለሁ፣ ፓይተን ግን «የለም» ይለኛል

የፓይተን ጥቅሎችን የሚጭነው ፒፕ «ሰክሰስፉሊ ኢንስቶልድ» ብሏችኋል። ፕሮግራሙን ስታስነሱት ደግሞ «ኖ ሞጁል ኔምድ ሳይኮፒጂ2» ይላል (ሳይኮፒጂ2 ፓይተንን ከፖስትግረስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ ድራይቨር ነው)። ደግማችሁ ትጭናላችሁ። ፒፕ «ቀድሞውንም አለኮ» ይላል። ፓይተን «አላየሁም» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም አይዋሹም።

ይህን ችግር ስንቴ እንደፈታሁት መቁጠር ትቻለሁ። ጀማሪዎችን ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ፤ ከክፍል በኋላ ላፕቶፑን አቅፎ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ዳታቤዙ ፖስትግረስ ሆነ ማይኤስኪውኤል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያው ነው። ኢንተርኔት መኖሩን፣ የጥቅሉን ስም በትክክል መጻፋችሁን፣ ቬንቩን (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየውን የፓይተን ፎልደር) አክቲቬት ማድረጋችሁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

ምልክት፦ ተጭኗል፣ ግን አይገኝም

ምክንያቱ ማሽናችሁ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን መኖሩ ነው። ፒፕ ለአንዱ ጫነ፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሌላው ነው። ጎረቤት ቤት ያስቀመጣችሁትን ዕቃ እናንተ ቤት እየፈለጋችሁ ነው።

ለማረጋገጥ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ሰረዝ ሰረዝ ቨርዥን» በሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የፎልደር አድራሻ ይመጣል። አድራሻው የፕሮጀክታችሁ ቬንቭ ውስጥ ካልሆነ ሌባው ተያዘ። ሌላም መንገድ አለ። ፓይተን ውስጥ ገብታችሁ «ሲስ» የሚለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጉና «ሲስ ነጥብ ፕሪፊክስ»ን እና «ሲስ ነጥብ ቤዝ አንደርስኮር ፕሪፊክስ»ን አሳትሙ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቬንቭ ውስጥ አይደላችሁም። ተርሚናሉ ላይ በቅንፍ የተጻፈው ስም ምንም ይበል፣ አትመኑት።

አዎ፣ ቅንፉ ይዋሻል። ይህን የተማርኩት አንድ ልጅ ኡቡንቱ 24.04 የጫነበትን ላፕቶፕ ይዞ ሲመጣ ነው። ኢንተርኔቱ ሲያስቸግረው ከጓደኛው ሙሉ ፕሮጀክቱን በፍላሽ ቀድቶ ነበር። ከነቬንቩ። «ሁሉም ነገር ተጭኖ ያለቀ ነው» ብሎታል ጓደኛው። አክቲቬት ሲያደርገው ቅንፉ ውስጥ «ቬንቭ» ብሎ መጣ። ደስ አለው። የድረ ገጽ መሥሪያውን ጃንጎ ሊያስነሳ ሲል ሳይኮፒጂ የለም፤ ጃንጎ ራሱ የለም። ፒፕ ሊጭን ሲል «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣበት፤ ይህ ፓይተን የሲስተሙ ነው፣ ፒፕ አይንካው ማለት ነው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ፖስትግረስን ሁለት ጊዜ አጥፍቶ ደግሞ ጭኗል። ፖስትግረስ ምን በደለ?

የሆነው እንዲህ ነው። ቬንቭ ሲፈጠር «አክቲቬት» የሚባለው ፋይል ውስጥ የፎልደሩ ሙሉ አድራሻ ይጻፍበታል። የፒፕ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይም እንዲሁ። የልጁ ቬንቭ የያዘው የጓደኛውን የሆም ፎልደር አድራሻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አክቲቬት ሁለቱንም ነው። ያንን አድራሻ ከፓዝ (ሼሉ፣ ማለትም ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ትእዛዞችን ከሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ፊት ላይ ይለጥፋል፣ ቅንፉን ይጽፋል፣ ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። አድራሻው እዚህ ማሽን ላይ የለም። ስለዚህ ሼሉ አልፎ ይሄድና የሲስተሙን ፓይተን ያገኛል። ልጁ በቅንፍ ተሸፍኖ ሲስተሙ ላይ ነበር ሲሠራ የቆየው።

የፕሮጀክቱን ፎልደር ስም መቀየርም ያው ነው። «ፕሮጀክት» የነበረውን «ፕሮጀክት የመጨረሻ» ብላችሁ ከሰየማችሁት ቬንቩ ተበላሽቷል። ኡቡንቱ ላይ አክቲቬት ካደረጋችሁ በኋላ «ፓይተን» ስትሉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ አንዱ ምልክት ይኸው ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፒፕ ስትነኩ «ፌታል ኤረር ኢን ላውንቸር» ይላል። በሽታው አንድ ነው።

መፍትሄው አጭር ነው። ቬንቩን ሰርዙት። የአክቲቬትን ፋይል ከፍታችሁ አድራሻ ለማረም አትሞክሩ፤ አንዱን ታርሙና አሥሩ ይቀራል። በ«ፓይተን3 ሰረዝ ኤም ቬንቭ» የፎልደሩን ስም ጨምራችሁ አዲስ ፍጠሩና አክቲቬት አድርጉት። ከዚያ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ሰረዝ አር» ብላችሁ የሪኳየርመንትስ ፋይሉን (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ጥቅሎች ዝርዝር) ስጡት። ሪኳየርመንትስ የሌለው ፕሮጀክት የሰጣችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ተቆጡት።

«ኢንተርኔት የለኝም፣ ለዚህ ነው በፍላሽ የቀዳሁት» ለምትሉ፣ በፍላሽ መቅዳት ነውር የለውም። ቬንቩን ሳይሆን ዊሎቹን፣ ማለትም ተገንብተው ያለቁትን የጥቅል ፋይሎች፣ ቅዱ። ኢንተርኔት ያለው ሰው «ፒፕ ዳውንሎድ ሰረዝ አር» ብሎ ሪኳየርመንትሱን ይስጠው፤ ፋይሎቹ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከማቻሉ። እናንተ ጋ ሲደርስ «ሰረዝ ሰረዝ ኖ ሰረዝ ኢንዴክስ» እና «ሰረዝ ሰረዝ ፋይንድ ሰረዝ ሊንክስ» ጨምራችሁ ከዚያ ፎልደር ትጭናላችሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ሲስተምና አንድ ዓይነት የፓይተን ቨርዥን ይኑራቸው። የዊሉን ስም አንብቡ፤ «ሲፒ312» ካለ ለፓይተን 3.12 ነው፣ «ዊን» ካለ ለዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ ዊል ኡቡንቱ ላይ አይጫንም። ይህን የምጽፈው የሞከረ ስላየሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ፒፕን ብቻውን አትጥሩት። ሁልጊዜ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ» በሉ። ፕሮግራሙን በሚያስነሳው ፓይተን በኩል ስለምትጠሩት፣ የሚጭነውም ለእሱ ነው። ይህን ልማድ ያደረጉ ተማሪዎች በር ላይ አይጠብቁኝም።

አሁን ወደ ሱዶ፣ ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ወደሚያስኬደው። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲመጣ እጃችሁ በቀጥታ ሱዶ ላይ አይሂድ። ሱዶ ኡቡንቱ ላይ የእናንተን ፓዝ ትቶ የራሱን ይይዛል። ቬንቩ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ «ሱዶ ፒፕ» ስትሉ የሚጠራው የሲስተሙ ፒፕ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቬንቩን ፒፕ በሙሉ አድራሻው በሱዶ መጥራት ነው። ፋይሎቹ የሩት (የአስተዳዳሪው) ይሆናሉ፤ በሳምንቱ ማሻሻል ስትፈልጉ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላችኋል። ያኔም ሱዶ ትጨምራላችሁ። ማብቂያ የለውም። ቬንቭ ውስጥ ሱዶ የለም።

ያ ቀይ ጽሑፍ የሚጠቅሰው «ሰረዝ ሰረዝ ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውም እንዲሁ። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ሲስተሙን ልስበር ወይ ብሎ ጠይቋችሁ አዎ ስበር እያላችሁት ነው። ኡቡንቱ የራሱን መሣሪያዎች የሚያንቀሳቅሰው በዚያው ፓይተን ነው። አንዱ ይህን አድርጎ ማሻሻያ እንኳን መጫን አቅቶት መጥቷል። ያን ቀን ማታ ራት የበላሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ቪኤስ ኮድ ላይ ተርሚናሉ በትክክል ሠርቶ የማስነሻው ቁልፍ ብቻ «ኖ ሞጁል» ካለ፣ ኤዲተሩ ሌላ ፓይተን መርጧል። የፓይተን ፋይል ከፍታችሁ ከታች በስተቀኝ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ንኩና የቬንቩን ምረጡ። ጁፒተር ላይ ደግሞ ከፒፕ በፊት የፐርሰንት ምልክት አድርጉ፤ ኖትቡኩ ለሚጠቀምበት ፓይተን ይጭናል።

ምልክት፦ «ፒጂ ኮንፊግ ኤክሰኪውተብል ኖት ፋውንድ»

ይህ እንኳን እውነተኛ የመጫን ችግር ነው። ሳይኮፒጂ2 ውስጡ የሲ ኮድ ነው። ሊኑክስ ላይ በዚህ ስም ስትጭኑት ምንጩ ይወርድና እናንተው ማሽን ላይ ይገነባል። ለመገንባት የፖስትግረስን የደንበኛ ላይብረሪ፣ የፓይተንን ሄደር ፋይሎችና ኮምፓይለር (የሲ ኮድን የሚገነባ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ «ሊብ ፒኪው ሰረዝ ዴቭ»፣ «ፓይተን3 ሰረዝ ዴቭ» እና «ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል»ን በአፕት፣ በሲስተሙ የራሱ ጥቅል መጫኛ፣ ጫኑ። እዚህ ላይ ሱዶ ይፈቀዳል፤ አፕት ነውና።

«ፖስትግረስ ጭኜ የለ እንዴ?» ትላላችሁ። የጫናችሁት ሰርቨሩን ነው፤ «ዴቭ» የሚለው ለብቻው ይመጣል። ሰርቨሩ ብቻ ሲኖር ኤረሩ መልኩን ቀይሮ «ሊብ ፒኪው ሰረዝ ዴቭ ያስፈልግሃል» የሚል መስመር ያወጣል። መልሱን በስሙ ጠርቶ ነግሯችኋል። ግን ቀዩ ጽሑፍ ረጅም ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ የመጨረሻዋን መስመር በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የመጨረሻዋ መስመር አልተሳካም ብቻ ነው የምትለው። ወደ ላይ ውጡ።

ፒጂ ኮንፊግ ተገኝቶ «ፓይተን ነጥብ ኤች» የለም ካለ፣ የዴቭ ጥቅሉ ቬንቩ ከተሠራበት ፓይተን ጋር አይገጥምም። ቬንቩ በ3.11 ከሆነ «ፓይተን3.11 ሰረዝ ዴቭ» ያስፈልጋችኋል፤ የ3.12ቱ አይረዳም።

ለመማርና ለመሞከር ከሆነ ይህን ሁሉ ዝለሉትና «ሳይኮፒጂ2 ሰረዝ ባይነሪ» ጫኑ። ተገንብቶ ያለቀ ነው። ኮድ ውስጥ ግን ኢምፖርት የሚደረገው «ሳይኮፒጂ2» ተብሎ ነው፤ «ባይነሪ» የሚለው አይጻፍም። ድሮ በ2.7 ጊዜ ዋናው ስም ራሱ ዊል ነበረው። ከ2.8 ጀምሮ ነው የተለያዩት፤ ዩቲዩብ ላይ ያለው የድሮ ትምህርት እናንተ ጋ የማይሠራው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ለእውነተኛ ሰርቨር ሠሪዎቹ ራሳቸው ከምንጩ ገንቡት ይላሉ፣ ምክንያቱም ባይነሪው የራሱን የኤስኤስኤል (ግንኙነትን የሚያመሰጥር) ላይብረሪ ይዞ ስለሚመጣ ሲስተሙ ሲሻሻል እሱ አብሮ አይሻሻልም። ሁለቱን በአንድ ቬንቭ አትጫኑ። አንዱን ስታጠፉ የሌላውን ፋይል ይዞ ይሄዳል።

አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ ሳይኮፒጂ 3ን ተመልከቱ። ስሙ ቁጥር የለውም፣ «ሳይኮፒጂ» ብቻ ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) «ባይነሪ» ጨምራችሁበት ጫኑት።

ባይነሪውን ጠይቃችሁም መገንባት ከጀመረ፣ ፓይተናችሁ በጣም አዲስ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቨርዥን በወጣ ሰሞን ዊሎቹ ቶሎ አይደርሱም። አንድ ቨርዥን ዝቅ በሉ። በወጣ ማግስት የሚጭን ሰው ምን እንደሚያጣድፈው አይገባኝም።

ምልክት፦ ማይኤስኪውኤል ክላየንት አልገነባም አለ

ይህ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ድራይቨር ነው። «ካን ኖት ፋይንድ ቫሊድ ፒኬጂ ኮንፊግ ኔም» ካለ፣ «ፒኬጂ ሰረዝ ኮንፊግ» እና «ዲፎልት ሰረዝ ሊብማይኤስኪውኤልክላየንት ሰረዝ ዴቭ» ይጎድላሉ። የፓይተን ዴቩና ኮምፓይለሩ እዚህም ያስፈልጋሉ። መገንባት ካሰለቻችሁ ፓይማይኤስኪውኤል የሚባል ሌላ ድራይቨር አለ፤ ንጹህ ፓይተን ስለሆነ ምንም አይገነባም። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ስትገናኙ «ክሪፕቶግራፊ ፓኬጅ ኢዝ ሪኳየርድ» ካላችሁ ያንን ጥቅል ጨምሩለት። የይለፍ ቃል ማረጋገጫው ዘዴ ስለተለወጠ ነው እንጂ የይለፍ ቃላችሁ አልተሳሳተም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር የምትገናኙበት ፓይኦዲቢሲ ተጭኖ «ካንት ኦፕን ሊብ» ካለ፣ የጎደለው የማይክሮሶፍት ኦዲቢሲ ድራይቨር ነው፤ በፒፕ አይመጣም። ወይም ኮዳችሁ 17 ይላል፣ የተጫነው 18 ነው። «ኦዲቢሲኢንስት ሰረዝ ኪው ሰረዝ ዲ» የተጫኑትን ይዘረዝርላችኋል።

ኦራክል ላይ «ዲፒአይ 1047» ካያችሁ የድሮውን ድራይቨር ሲኤክስ ኦራክልን ትታችሁ አዲሱን ኦራክልዲቢን ጫኑ። በተለመደው አሠራሩ የኦራክል ክላየንት አይፈልግም።

አዲሶቹ ማኮች ላይ «ኢንኮምፓቲብል አርክቴክቸር» ካለ፣ ፓይተኑ የአርም ሆኖ ላይብረሪው የኢንቴል ነው፣ ወይም በተቃራኒው። ሁለቱንም የአርም አድርጉና ቬንቩን እንደገና ሥሩት።

ዊንዶውስ ፓወርሼል አክቲቬት አላደርግም፣ ስክሪፕት ክልክል ነው ካለ፣ ኤክሰኪውሽን ፖሊሲውን ለራሳችሁ ተጠቃሚ ብቻ «ሪሞት ሳይንድ» አድርጉት። «አንሪስትሪክትድ» የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት።

ኤስኪውላይት3 የሚባለውን የዳታቤዝ ሞጁል በፒፕ ልጭን ብሎ አንድ ሙሉ ከሰዓት ያቃጠለ ተማሪ ነበረኝ። አይጫንም፤ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ኢምፖርት ስታደርጉት እምቢ ካለ ፓይተኑን ከምንጩ የገነባው ሰው «ሊብኤስኪውላይት3 ሰረዝ ዴቭ» ሳይኖር ነው የገነባው። እሱን በአፕት ጫኑና ፓይተኑን ደግማችሁ ገንቡ። የዚያ ተማሪ ፓይተን ግን ደህና ነበር፤ ኢምፖርት አድርጎ ሞክሮት አያውቅም።